ዝርዝሩ ይቅረብልን

እኔ ሰው አላምንም። ልመካበት ብዬ አይደለም፤ ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። ትኬት ያልቆረጠ ሰው ገና በሩን ስረግጥ ይታወቀኛል፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ያበዛል። ድንገት እንቅልፍ የሚወስደውም አለ፣ ኪሱን ደጋግሞ የሚበረብርም አለ፣ «አሁን እኮ ነው የተሳፈርኩት» ብሎ በልጆቹ የሚምልም አለ። እኔ ዝም ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። ባሌ «አንቺ እኮ ፀሐይንም ደረሰኝ ትጠይቂያታለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሄ እጁ ሳይሄድ በፊት ነው።

ባሌ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ መተኮሻው ላይ ነበር የሚሠራው። መተኮሻ ስል የቤቱ ካውያ እንዳይመስላችሁ። በእንፋሎት የሚግል፣ አልጋ የሚያህል ሲሊንደር ነው፤ እርጥቡን አንሶላ ከፊት ያጎርሱታል፣ ከኋላ ደርቆ ይወጣል። ከሲሊንደሩ ፊት አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። እጅ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ማለት አለበት። የዚያን ዕለት የባሌ እጅ ከአንሶላው ጋር ተጠቅልሎ ሲገባ ዘንጉን ነክቷል፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። ዛሬ ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች የለም።

ድርጅቱ «ራሱ ነው ያጠፋው» ብሎ እጁን ታጠበ። ጠበቃ ያዝንና ከሰስን። ያ ክስ ከወደቀ ባሌ በአንድ እጁ፣ እኔም በአንድ ደሞዜ ቀረን ማለት ነው፤ ሌላ የምንይዘው ነገር አልነበረንም።

የድርጅቱ መልስ ሲመጣ ጠበቃችን ቢሮ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መልስ እንኳ አይደለም፣ መቃወሚያ ነው። «ክሱ ቸልተኝነት የሚለውን ቃል ከመጥራት በቀር ማን፣ መቼ፣ ምን በማድረጉ ወይም ምን ባለማድረጉ ጉዳቱ እንደደረሰ አይገልጽም። እንዲህ ላለ ክስ መከላከያ ማቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ከመዝገብ ይሰረዝልን፤ ይህ የሚታለፍ ከሆነ ዝርዝሩ ይቅረብልን» ይላል። የራሳችንን ክስ አውጥቼ ገለበጥኩት። እውነታቸውን ነው! ስለ ባሌ ሕመም፣ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ቤተሰቡ በሰፊው ተጽፏል። እጁ እንዴት እንደተበላ ግን «ተከሳሽ በፈጸመው ቸልተኝነት» ተብሎ ታልፏል፤ ሌላ ነገር የለም። ደሜ ፈላ።

«ይሄ ምንድነው? ማን እንዳጠፋ ለምን አልጻፍክም?» አልኩት ጠበቃውን።

ጠበቃችን ሸምገል ያለ፣ የቦርሳው ዚፕ ዘወትር ክፍት የሆነ ሰው ነው። «እህቴ፣ አንዳንድ ጊዜ ሰፋ አድርጎ መጻፍ ይሻላል» አለና በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ።

በመስኮት! ለእኔ! ጉዱን ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

ከመቃወሚያው ውስጥ ደግሞ ሌላ ያንገበገበኝ ነገር አለ። «ከሳሽ በዕለቱ ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር ተጋጭተው፣ ሐሳባቸው ተበታትኖ ወደ ሥራ የገቡ መሆኑ» የሚል መስመር ነው። እውነት ነው፣ የዚያን ጠዋት ተጨቃጭቀን ነበር፤ በምን እንደሆነ ዛሬ እንኳ አላስታውሰውም። ግን ይህን ድርጅቱ ከየት አመጣው? ቤታችን ግድግዳው ወፍራም ነው። የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ነገሩን የነገርኩት ጠበቃው አለ፣ አብራን የምትኖረው የባሌ እህት አለች። ወንድሜም ያውቃል፤ ግን እሱ ወንድሜ ነው፣ አልቆጠርኩትም።

የባሌን እህት ስሟን ሬዲዮ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከተነሳችበት እስከምትተኛበት አታቋርጥም፤ ጎረቤቱ ሁሉ የእኛን ዜና የሚሰማው ከእሷ ነው። ጠበቃውን በሚመለከት ደግሞ በዐይኔ ያየሁት አለ። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ከድርጅቱ ነገረ ፈጅ ጋር ቆመው ይሳሳቃሉ። ነገረ ፈጁ ከእሱ በፊት ሽቶው የሚደርስ ሰው ስለሆነ ሽቶ ነው የምለው። ሽቶ የእኛን ጠበቃ ኮሌታ በሁለት ጣቱ እፍ እፍ እያለ ሲያራግፍለት አየሁ። የባላጋራን ኮሌታ የሚያራግፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩ። ለጠበቃው ብቻ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እንዳትጽፈው እንጂ፣ ባሌ የዚያን ሰዓት በስልክ እያወራ ነበር» አልኩት። አየኝና በእርሳስ አንድ ነገር ጫር አደረገ። ለሬዲዮ ደግሞ ልብስ እያሰጣን «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ወንድምሽ በአደጋው ዋዜማ ጠጥቶ ነበር የገባው» አልኳት። «ኧረ በስማም!» ብላ አፏን ያዘች። ሁለቱም ውሸት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሽቶ አፍ የወጣ ቀን ሌባዬን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ማለት ነው።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሳገባም ይዤው ነው የመጣሁት። ባሌ አንድ ቀን ፊቱን ሳያጠቁር አስተማረው፣ ኤሌክትሪክ ሲማር ከፈለለት፣ በኋላም በራሱ መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል አስገባው። አሁን የራሱ ቤት አለው። ከአደጋው ወዲህ ግን ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እኛ ዘንድ ነው የሚመጣው። ባሌን ያጥበዋል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ የቆረጡትን ቦታ ፋሻ ይቀይርለታል። እኔ ያንን ቁስል ማየት አልችልም፣ ፋሻው ሲፈታ እወጣለሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ፊቱን አላዞረም። «እታለም፣ አንቺ ውጪ፣ እኔ አለሁ» ይለኛል። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም።

ለዚህ ነው አንድ ቀን የቤታችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሆድ የባሰኝ ዕለት ለእሱ የነገርኩት። የባሌ ግራ ዐይን ሞራ እየጋረደው ነበር። ከአደጋው በፊት ጀምሮ ነው። ከሥራ እንዳያወጡት ፈርቶ ደበቀ፤ ለገዛ እህቱ እንኳ አልተናገረም። እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው። «እጁ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ዐይኑ ሊሄድ ነው» ብዬ ወንድሜ ትከሻ ላይ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። «ለማንም አትንገር» እንኳ አላልኩትም፤ ለወንድም እንዲህ አይባልም።

መቃወሚያው የሚሰማበት ቀጠሮ ደረሰ። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፣ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸው ይጮሃሉ። ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መዝገቡን ትገልጣለች። ሽቶ ተነሳ። እኔ ስልኩን ወይ መጠጡን ልሰማ ጆሮዬን አቁሜ ተጠባበቅኩ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ ዝርዝሩን የማያቀርቡት ስለሌላቸው ነው» አለ ሽቶ። «ቢያቀርቡ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑ ይወጣል። ከሳሽ የግራ ዐይናቸው በሞራ የተጋረደ መሆኑን ከአሠሪያቸው ደብቀው ሲሠሩ የነበሩ ናቸው።»

ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ፤ በዚያው በሞራው ዐይን። «አንቺ ነሽ?» የሚል አየሁበት። «አይደለሁም» ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ዳኛዋ ወደ እኛ ጠበቃ ዞረች። «ቸልተኝነት ማለት እኮ ስድብ አይደለም፣ ድርጊት ነው» አለችው። «አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጓል ወይም ማድረግ ያለበትን አላደረገም። ማን ነው? ምን አደረገ?»

ጠበቃችን ባሌን አየው። ባሌም አየውና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ይህችን መተያየት አየኋት። ዳኛዋ መነጽሯን አወረደች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ክሱ በዝርዝር ተሻሽሎ እንዲቀርብ፣ ካልቀረበ እንደሚሰረዝ አዘዘችና መዝገቡን ዘጋችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እኔ በሆዴ አወጣ አወርዳለሁ። ስልኩ አልወጣም፤ ስለዚህ ጠበቃው አይደለም። መጠጡም አልወጣም፤ ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ይዛለች። የወጣው እውነቱ ነው። እውነቱን ደግሞ የሰጠሁት ለአንድ ሰው ነው። ያንን ሰው እያነሳሁ እጥለዋለሁ፣ እንደገና አነሳዋለሁ።

ቤት ስንደርስ ባሌን ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ።

«ጠበቃውን ለምን አየኸው?»

«መቼ?»

«እኔን መቼ ትለኛለህ? ማን ነው ሲባል። ዝርዝሩን እንዳይጽፈው ያደረግከው አንተ ነህ አይደል?»

የሌለውን እጁን በግራ እጁ አቅፎ ወደ ሰሃን መደርደሪያው ያያል። «ዘንጉ በየደቂቃው ማሽኑን ያቆመዋል» አለ በመጨረሻ። «አንሶላው ትንሽ ከተኮማተረ ይነካዋል፣ ይቆማል። እንደገና ማስነሳት፣ እንደገና መቆም። ሥራው አልገፋ አለ። የምርት ክፍሉ አለቃ የጥገና ሠራተኛውን ጠራና ‹ከዚህ ነገር ገላግለን› አለው። እሱም የዘንጉን ሽቦ አገናኘው። ከዚያ በኋላ ቢነካም ባይነካም ማሽኑ ይሄዳል። ሁላችንም እፎይ አልን፤ በጊዜ መግባት ጀመርን። ‹ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘና በጊዜ መጣህ› ያልሽኝ ትዝ አይልሽም?»

«ጥገናው ማን ነው?» አልኩት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«ታውቂያለሽ።»

«አንተ ይህን እያወቅክ እጅህን ሰጥተህ በእሱ ትታጠባለህ?»

«ምን ላድርግ? ውሃውን እኮ ሦስቴ በራሱ ክንድ ሳይሞክር አያፈስብኝም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ስትውዪ የምትውዪው ሰው ሁሉ ሊያታልልሽ እንደተነሳ እያሰብሽ ነው። ማታ ስትገቢ እኔን እንኳ ሳትፈትሺ አታልፊም። የማትፈትሺው እሱን ብቻ ነው። እሱን ካጣሽ ማን ይተርፍሻል ብዬ ነው። ክሱ ይሰረዝ ግድ የለም፤ ያንን አንድ ሰው ላስቀርልሽ ብዬ ነው።»

ምነው ዝም ባለ ኖሮ። ተናደድኩበት፣ አሳዘነኝ፣ ልቀፈው ፈለግኩ፣ አንዱንም አላደረግኩ። በምትኩ የቀረውን ነገርኩት፤ የጠዋቱን ጭቅጭቅ፣ የዐይኑን ነገር፣ ከማን እንደወጣ። ይህን እሱ አያውቅም ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ ቁጭ ብዬ አየሁት።

«ፈርቶ ይሆናል» አለ። ይህን ለማለት ምንም አለመቆየቱ አንጀቴን አቃጠለው።

ወንድሜ እንደልማዱ ከሥራ ሲወጣ መጣ። በሩን ከፍቼለት እዚያው ቆምኩበት። ምላጩንና ፋሻውን በፌስታል ይዟል።

«ለእነሱ ምን ምን ነገርካቸው?» አልኩት።

«ለእነማን፣ እታለም?» አለና በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ በመስኮቱ በኩል ውጭ ውጭውን አየ።

እግዜር ያውቃል፣ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ሥራዬን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ከበሩ ሳልነቃነቅ ጠበቅኩት። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«አለቃው ጠራኝ» አለ። «‹ዝርዝር ከቀረበ የሚጠራው ያንተ ስም ነው። አዘዘኝ የምትለው ወረቀት አለህ?› አለኝ። የለኝም። በቃል ነው ያዘዘኝ። ‹እንግዲያው በራስህ ፈቃድ ሽቦ አገናኝተህ ሰው ቆረጥክ እንላለን፤ እስር ቤት ትገባለህ። ክሱ ከተሰረዘ ግን አንተም ተረፍክ። ቤት ውስጥ የምትሰማውን ንገረን› አለኝ።»

«የዐይኑንስ ነገር? ትከሻህ ላይ አልቅሼ የነገርኩህን?»

«ያ ከሆነ ክሱ አለቀለት አሉኝ። በቃ ይለቅና ጋሼም ሳያውቅ ይቅር ብዬ…»

«ጋሼ ያውቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል። እጁን ያሳጣኸው አንተ መሆንህን እያወቀ ነው…»

«የእጁን ነገር አንቺ አትንገሪኝ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። «አንቺ እኮ አይተሽው አታውቂም! በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ!»

ከዚያ ፊቱን በፌስታሉ ሸፍኖ አለቀሰ። ባሌ ከወጥ ቤት «ግባ፣ ብርድ ይመታሃል» ብሎ ተጣራ። የእኔ ልጅ ማለት ነው ይሄ፤ አፍንጫውን የጠረግኩለት። ልገፈትረው ወይስ ልሰብስበው አላወቅኩም።

«ስማ» አልኩት። «ዝርዝሩ ይቀርባል። ስምህም ይገባል፤ አለቃህ ያዘዘህም ይገባል። ራስህ ከተናገርክ መልካም፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ።»

«ሊያስሩኝ ይችላሉ፣ እታለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ባሌ ይህን ሲሰማ ተቃወመ፣ ተቆጣ፣ የቀረበለትን ሾርባም ገፋው። ያስቆመው ወንድሜ ነው። «ጋሼ፣ ተወኝ ልናገር፤ አሁንስ መተኛት አቃተኝ» አለው።

በማግሥቱ ሦስታችንም ጠበቃው ቢሮ ሄድን። ወንድሜ ሽቦውን የት ቦታ እንዳገናኘው፣ አለቃው የት ቆሞ ምን እንዳለው፣ ማን ማን እንደሰማ አንድ በአንድ ተናገረ። ጠበቃው መጻፉን ትቶ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀው። «ይህን በምስክርነት ቀርበህ ትደግመዋለህ? ድርጅት ሠራተኛው በሥራ ላይ ላጠፋው ተጠያቂ ነው፣ የምንከሰው ድርጅቱን ነው፤ ግን ነገ ፖሊስ ቢጠራህ እኔ አላስቀርልህም።» ወንድሜ እሺ አለ።

ስንወጣ ጠበቃው እኔን ወደኋላ አስቀረኝ። «ያ የስልኩ ነገር» አለኝ። «ፈተና መሆኑ ገብቶኝ ነበር። ባሏን እንዲህ በቀላሉ የምታሳጣ ሚስት አትመስይም። አልተቀየምኩሽም… ትንሽ ተቀይሜሻለሁ።»

«ያ ኮሌታህን የሚያራግፍልህስ?»

«አብሮ አደጌ ነው። ስንከራከርም ስንስቅም ነው ያደግነው።»

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እሱንም አጣራለሁ።

የተሻሻለው ክስ ሲጻፍ እንዲህ ይላል፦ «የተከሳሽ ድርጅት የምርት ኃላፊ የመከላከያ ዘንጉ ከሥራ ውጪ እንዲሆን በቃል አዝዘዋል። ትዕዛዙን የተቀበለው የጥገና ሠራተኛ ሽቦውን በማገናኘት ዘንጉ ማሽኑን እንዳያቆም አድርጓል።» ከሥሩ የወንድሜ ስም ከነአባቱ ስም ተጽፏል። ያ ሠራተኛ የከሳሽ ሚስት ወንድም መሆኑን፣ ከሳሽን በየቀኑ የሚያጥበው እሱ መሆኑን የሚጻፍበት ቦታ የለም። ደጋግሜ ፈለግኩት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ አነበበችው። ስሙ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ የኋላ ወንበሮቹን ቃኘች፤ ወንድሜ እዚያ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። አለቃው ከበሩ አጠገብ ሆኖ በዐይኑ ይበላዋል። ዳኛዋ ወደ ሽቶ ዞራ «አሁንስ? መልስ መስጠት ይቻላል?» አለችው። ሽቶ ተነስቶ ከድርጅቱ ጋር የሚመካከርበት ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ። መቃወሚያው ውድቅ ተደረገ፣ ክሱ እንዲቀጥል ታዘዘ። ጠበቃችን ቦርሳውን ሳይዘጋ ብድግ አለ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ የባሌ የጫማ ክር ተፈትቶ ይጎተታል። ፊት ለፊታችን ደረጃው ቁልቁል ነው። በአንድ እጅ ማሰር ገና አለመደም፤ እኔ ልጎንበስ ስል ወንድሜ ቀድሞኝ ተንበረከከ። ባሌ ግራ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተደገፈውና ቆመ። ወንድሜ ክሩን ሳበ፣ አጠለፈ፣ አሰረው።

እኔ ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን በጣቴ ሳብ አድርጌ ሞከርኩት። በደንብ ታስሯል። ቀና ስል ወንድሜ ከተንበረከከበት አልተነሳም፤ ጣቴን እያየው ነበር።